ኢሉ የወደቀበት ቦታ

ኤንስኼዴ፣ ሆላንድ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ ለጋሽ ዲንሳ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ እያልኩ ካለሁበት ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ከወዲሁ ጀምሮናል። እዚህ አገር ሰው ሁሉ በብስክሌት ስለሚሄድ እኔም ለምጄ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ነው ትምህርት ቤት የምደርሰው። እትዬ ገዲሴ እንደምን ናቸው? ስልክ ላይ ጆሮዎ እንደማይረዳዎ ስለማውቅ ነው መጻፌ። ደግሞ የገበሬ ማህበር ጸሐፊ ከነበሩ ጀምሮ ብዕር እንደሚቀናዎ አውቃለሁ። እንደ በፊቱ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ በቴሌግራም እልክለታለሁ፤ አትሞ ይሰጥዎታል። የእርስዎንም ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።

አሁን የያዝኩትን የመመረቂያ ሥራ ላስረዳዎት። በክፍለ ከተማችን የደረሱ የመኪና አደጋዎች መዝገብ አለኝ። እያንዳንዱ አደጋ የደረሰበት ቦታ በቃል ነው የተጻፈው። አንዱ «ሀና ማርያም መታጠፊያ» ይላል፣ ሌላው «ላፍቶ ከኮንዶሚኒየሙ ዝቅ ብሎ»፣ ሌላው ደግሞ «ጋርመንት አካባቢ» ብቻ። የኔ ሥራ ይህን እያነበብኩ እያንዳንዱን አደጋ ካርታው ላይ፣ በደረሰበት መንገድ በደረሰበት ቦታ ማስቀመጥ ነው። አንድ አደጋ አንድ ነጥብ ይሆናል። ነጥብ የበዛበት ቦታ ተለይቶ ሲታወቅ መሻገሪያ ወይም የፍጥነት መገደቢያ ይሠራበታል ተብሎ ነው።

ጋሼ፣ ይህን መጻፍ ከብዶኝ ብዙ ቀን ወረቀቱን ሳነሣ ስጥል ከረምኩ። የልጅዎ የኢሉ አደጋም አለበት። ስም አይጻፍም፤ ቀኑንና ዕድሜውን፣ «እግረኛ» የሚለውንም ሳይ ግን አወቅኩት። ቦታው «ጋርመንት አካባቢ» ስለሚል ኮምፒውተሩ የጋርመንት አደባባይ መሀል አስቀመጠው። ያኔ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከሐዋሳ ለለቅሶ ስመጣ ሰው ሁሉ «ቀጄላ ወፍጮ ጋ» ሲል የሰማሁ ይመስለኛል። ለመጠየቅ አልደፈርኩም ነበር። አሁንም እየፈራሁ ነው የምጠይቅዎ። የት ነው?

እትዬ ገዲሴን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ አያንቱ


ላፍቶ
ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአያንቱ፣

የሀናዋ ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ አንድ ጊዜ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ተቀምጬ አነበብኩት። ብርዱን ቻይው፤ ካልሲ ደርበሽ አድርጊ።

ልጄ፣ ምን ማለትሽ ነው? የምን ጋርመንት? ኢሉ ጋርመንት ምን ሊያደርግ? ለደንበኞች የሚያደርሰውን ወተት ይዞ ወደ ሀና ማርያም ነበር የሚሄደው። ከጋርመንት ወደ ሀና ማርያም ስትሄጂ መንገዱ የሚታጠፍበትን ቦታ ታውቂዋለሽ፤ ወፍጮው ከፈረሰ ቆይቷል፤ አሁን የቆርቆሮና የሚስማር መሸጫ ሆኗል፤ እኛ ግን ዛሬም ቀጄላ ወፍጮ ነው የምንለው። እዚያ ነው። ጠርተውኝ ስደርስ ልጄን በታክሲ ወስደውታል፤ ደሙ ግን እዚያው ካለው ግንብ ሥር ነበር። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ገጭቶት ያመለጠው ሰውም ከዚያ ነው የሮጠው።

አንቺ ልጄን ከሞተበት አንስተሽ ካልሞተበት አስቀመጥሽው። መሬቱን ወሰዱት፤ ጤፍ ያጨድኩበት ላይ አስፋልት አነጠፉበት፤ ይሁን፣ አገር ያድግ አልኩ። መንገዱ ልጄን ወሰደው፤ ምን ልበል። አሁን የወደቀበትንም ቦታ ልትወስዱት ነው?

ከመስከረም ጀምሮ ማለዳና ማታ እዚያ ኩርባ ላይ እቆማለሁ። ዱላዬን ከፍ ሳደርግ ቀስ የሚሉ አሉ፤ የሚሳደቡም አሉ። አንዱ የታክሲ ረዳት «አባባ፣ ትራፊክ ሆኑ እንዴ?» ብሎ ሲስቅብኝ አንዲት የሰፈሩ ሴት ከመስኮት ሰደበችልኝ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ስቀመጥ እግሬ ራሱ ይነሣል።

ቶሎ ብለሽ አስተካክይውና ጻፊልኝ።

አጎትሽ ዲንሳ


ኤንስኼዴ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ጋሽ ዲንሳ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ያሉኝ ሁሉ ገብቶኛል። ካነበብኩ በኋላ ብስክሌቴን ይዤ ወጥቼ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ከተማውን ዞርኩት።

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ደስ ባይልዎትም። ነጥቡን ማንሣት ለኔ ቀላል ነው፤ ጣቴን ብቻ ነው የሚፈልገው። ግን አባት ስለነገረኝ ብዬ የአንዱን ካነሣሁ፣ የሌላውን ለምን አላነሣሽም ለሚለኝ ሰው መልስ አጣለሁ። ሥራውን የምታየው መምህሬ ቲና ትባላለች። ነገርኳት፤ ከልቧ አዘነችልን። ከዚያ ግን «እዚያው የነበሩ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ከተናገሩ አስተካክዪው፤ በወሬ ግን አይሆንም» አለችኝ። እርስዎ ደግሞ ሲደርሱ ኢሉ ተወስዶ ነበር።

ነገሩ የኢሉ ብቻም አይደለም። «ጋርመንት አካባቢ» የተባሉት ብዙ ናቸው። ሁሉም አደባባዩ ላይ ተቆልለው ሳይ አደባባዩ የሰው መቅሠፍት ይመስላል፤ ከአደባባዩ ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ ምንም ያልደረሰበት ባዶ ሆኖ ይታያል። የከፉትን ቦታዎች ዝርዝር በመጋቢት መጨረሻ እንድናስረክብ ተጠይቀናል። በዚያ ዝርዝር ያልገባ ቦታ ማንም አይደርስለትም። ስለዚህ እዚያ የነበረ ሰው ይፈልጉልኝ። ሱቅ ያለው፣ ታክሲ የጠበቀ፣ ማንም ይሁን።

መንገድ ላይ መቆሙን ደግሞ እባክዎ ይተዉት። እትዬ ገዲሴ ምን ይላሉ? ስልካቸው ላይ ስደውል አይነሣም። በደብዳቤዎ ውስጥም ስለእሳቸው ምንም አላሉኝም።

ልጅዎ አያንቱ


ላፍቶ
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያንቱ፣

እንደምን ከርመሻል። እኔ አለሁ።

ሰው ይፈልጉ ያልሽኝን ፈልጌአለሁ። ቆርቆሮ ቤቱን ጠየቅኩ፤ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። መድኃኒት ቤቱ ተዘግቷል። ከጀርባ ያሉት ተከራዮች ናቸው፤ ተከራይ ደግሞ እንደ ወፍ ነው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። በድሮ ጊዜ ቢሆን ያን መንገድ የሚያልፈውን ሰው ከነከብቱ አውቀው ነበር። አሁን የማውቀው ሰው ጠፋ።

አንድ ሰው አለ። ስሙን መጻፍ አልፈልግም። የት እንዳለም አውቃለሁ፤ ከእስር ከወጣ በኋላ ሁለቴ ሽማግሌ ልኮብኝ ደጄን ሳያልፉ መልሻቸዋለሁ። ከሱ አፍ ልጄ የወደቀበትን የምሰማ ከሆነ ይቅር። ሌላ መንገድ የለውም ወይ?

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚያ አገር የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ጥሩው አለ አሉ። አንድ ላኪልኝ። ሲመሽ ሾፌሮቹ አያዩኝም።

ነገ ከተራ ነው። መልካም በዓል።

ዲንሳ


ኤንስኼዴ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ዲንሳ፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎ። ደብዳቤዎን ሳይ ደነገጥኩ፤ ማጠሩም፣ መዘግየቱም፣ ሰደርያውም አስደነገጠኝ።

ሰደርያውን ገዛሁት። ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አልልከውም። ቢቆጡኝም አልልክም። ሾፌሮቹ የማያዩት ሰው መንገድ ላይ እንዲቆም እጄን አላስገባም።

ትናንት ደግሞ እትዬ ገዲሴን አገኘኋቸው፤ በእህታቸው ስልክ። ሰበታ ናቸው። ከመስቀል ወዲህ ሰበታ ናቸው! በየደብዳቤው «እንደምን ናቸው» እያልኩ ስጠይቅዎ አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ለምን ወጡ ብዬ ብጠይቃቸው «አጎትሽን ጠይቂው» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል። እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ? ኢሉ ወንድሜ ነበር፤ እርስዎ ያሳደጉኝ አባቴ ነዎት፤ ቤቱ ደግሞ ከሩቅ እየፈረሰ ነው የማየው።

ሌላ መንገድ የለውም ወይ ላሉኝ፣ አንድ አለ፤ መጥፎ ነው። ቦታው ያልተረጋገጠውን «ያልታወቀ» ብዬ ማውጣት እችላለሁ። ያኔ ኢሉ አደባባዩ ላይ አይሆንም። ወፍጮውም ጋ አይሆንም። የትም አይሆንም። ካርታው ሲታይ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

ያንን ለማድረግ እጄ እምቢ ብሎኛል። ግን መጋቢት እየመጣ ነው።

አያንቱ


ላፍቶ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአያንቱ፣

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ ትምህርትሽንም ያስጨርስሽ። ባለፈው በማጠሬ አትቀየሚኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነገር ብዙ ነበር። ዛሬ ሁሉንም እጽፍልሻለሁ፤ ወረቀቱ ቢበዛ የፎቶ ኮፒው ልጅ ይታገሰኝ።

«የትም አይሆንም» ያልሽው ቃል አላስቀመጠኝም። ስበላም ስሄድም እሰማዋለሁ። አንድ ቀን ጠዋት እንደወትሮዬ ወደ ኩርባው ልሄድ ወጣሁና እግሬ ወደ ሌላ ወሰደኝ። ያ ሰው፣ ገሠሠ ነው ስሙ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ብሎኬት በሚመረትበት ግቢ ዘበኛ ሆኗል። እንደወጣ መኪና መንዳት አልቻለም አሉ። በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በሐሳቤ ግዙፍ ሰው ነበር። የተቀመጠው ግን ቀጭን፣ ጺሙ የሸበተ፣ ከኔ በብዙ የሚያንስ ሰው ነው።

ስሜን አልነገርኩትም። ሲያየኝ ማንነቴን አውቆ ተነሣ፤ ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሊመቱኝ ከሆነ ይግቡና በሩን ልዝጋ» አለኝ። «አሠሪዬ እንዳያይ ብዬ ነው።»

«ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት። «የት ላይ ነው?»

«ምኑ ጌታዬ?»

«ልጄን የገጨህበት። ቦታውን ንገረኝ።»

ወደ መንገዱ በኩል ዞሮ አየ። ከዚያ «ቱቦው ጋ» አለኝ።

ተቆጣሁ። «ቀጄላ ወፍጮ ጋ ነው! ደሙን ከግንቡ ሥር በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ግንቡ ሥር ያስተኛሁት እኔ ነኝ» አለኝ።

አያንቱ፣ ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቆሜ ልሰማው አልቻልኩም። እሱም ከኔ ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ።

ቱቦ የሚለው ከኩርባው ዝቅ ብሎ መንገዱ የወንዙን ውኃ የሚሻገርበትን ነው። እኛ ልጆች ሳለን ከብት የምናጠጣበት ነበር። እዚያ ላይ የእግረኛው መንገድ ይቋረጣል፤ ቦዩ አፉን ከፍቷል፤ ሲቆፈር የወጣው አፈርና ድንጋይም እንደተቆለለ ነው። ስለዚህ እግረኛ ሁሉ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ኢሉም ወረደ።

«ዳገቱን እየወረድኩ ነበር» አለኝ ገሠሠ። «አሸዋ ጭኛለሁ። ፍጥነት ነበረኝ፤ አልዋሽዎትም። ወደ አስፋልቱ ሲገባ አየሁት፤ ፍሬኑ ግን ከነጭነቱ አልያዘልኝም።»

«ከዚያ?»

«ወርጄ አቀፍኩት። መድኃኒት ቤቱ አለ ብዬ ተሸክሜ ወደ ወፍጮው ሮጥኩ። ተዘግቷል። ግንቡ ሥር አስተኛሁትና ታክሲ አስቆምኩ። ታክሲው ሲወስደው ሰው ተሰበሰበ፤ ድንጋይ ይወረወር ጀመር። ሮጥኩ። ጋርመንት ትራፊክ ቆሞ አየሁና ሰው ገጭቻለሁ፣ ያዘኝ አልኩት።»

ገባሽ ልጄ? የጋርመንቱ ነገር ከዚያ ነው የመጣው። ሰውዬው እጁን የሰጠው እዚያ ነው፤ የተጻፈውም እዚያው ነው። እኔ ደግሞ ልጄ ተኝቶ የነበረበትን አይቼ የወደቀበት ነው አልኩ። እሱም አመለጠ ተባለ፤ ያንንም አምኜ ያን ሁሉ ጊዜ ረገምኩት።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝን ጠየቅኩት። ልጄ ብቻውን መንገድ ላይ ቀረ የሚል ሐሳብ ነበር ዕረፍት የነሣኝ። «ስትሸከመው ነፍሱ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ተናግሯል?»

«‹ወተቱስ?› አለኝ። ሌላ አልተናገረም።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አለቀስን ብል አይበቃም። የግቢው ሠራተኞች ወጥተው ሲያዩን ተመልሰው ገቡ።

ከዚያ «ተነሥና አሳየኝ» አልኩት። አብረን ወረድን። ቱቦው ጋ ስንደርስ ቦታውን ከማዶ ሆኖ በጣቱ አሳየኝ እንጂ መሻገር አልቻለም። መኪና አለፈ፤ ሌላም አለፈ፤ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ እሱ ግን እንደ ግንድ ቆመ። እጁን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት አትጠይቂኝ። ተሻገርን።

ለካስ እኔ ከመስከረም ጀምሮ የቆምኩት ሌላ ቦታ ነው። ሰው ሁሉ የሚሞትበት ከታች፣ እኔ ዱላ የማነሣው ከላይ።

በማግስቱ ሰበታ ሄድኩ። ገዲሴ ጓሮ ጎመን ስትቆርጥ አገኘኋት። ነገርኳት። ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ ሰማችኝና «አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቱቦው ጋ እንደሆነ። ሀኒፋ ነግራኛለች፤ እዚያው ቱቦው አጠገብ ድንች የምትሸጠዋ። ሰውዬው ልጄን ተሸክሞ ሲሮጥ አይታለች። ለቅሶ መጥታ እጄን ይዛ ነገረችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ። ገና የሰውዬውን ስም ሳነሣ፣ በቤቴ ስሙ አይጠራ ብለህ በሩን ወርውረህ ወጣህ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግመህ ወጣህ። ከዚያ ወዲያ ውለህ የምታድረው መንገድ ላይ ሆነ። ጎማ በጮኸ ቁጥር ደጅ እየወጣሁ ስንት ጊዜ ልሙት? ልጄን መንገድ ወሰደው። ባሌን ሲወስደው ቆሜ አላይም ብዬ ወጣሁ።»

ይኸው ነው ያልነገርኩሽ። አፍሬ ነበር። ወደ ቤት እንሂድ አልኳት፤ «ገና ነው» አለችኝ። ጎመኑን ግን ሠርታ አብልታ ሸኘችኝ።

አሁን ሁለት ሰው አለሽ፤ ገሠሠና ሀኒፋ። ስልካቸውን ከዚህ ሥር ጽፌአለሁ። ሁለቱም እንናገራለን ብለዋል። ሀኒፋ «እስከዛሬ የጠየቀኝ የለም እንጂ እዚህ ስንቱ እንደወደቀ እኔ ነኝ የማውቀው» ትላለች። ለመምህርትሽ ለቲና አክብሮቴን አድርሺልኝ። በወሬ አይሆንም ማለቷ ልክ ነበር።

አጎትሽ ዲንሳ


ኤንስኼዴ
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሽ ዲንሳ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር፤ መጨረስ አቅቶኝ ወጥቼ ደረጃው ላይ ጨረስኩት። የማላውቃት አንዲት ተማሪ መሐረብ ሰጥታኝ ምንም ሳትጠይቅ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሁለቱንም ለየብቻ አነጋገርኳቸው፤ ቲና አጠገቤ ሆና ትጠይቃለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ገሠሠ ድምፁ እየተቆራረጠም ቢሆን የጠየቅነውን ሁሉ መለሰ። ሀኒፋ ደግሞ ድንች እየመዘነች ነበር፤ «ቆይ ይቺን ልሸኛት» እያለች ታቋርጠናለች። ከየት ወደ የት እንደሮጠ፣ መኪናው የት እንደቆመ፣ የሁለቱም ቃል አንድ ሆነ። ቲና መነጽሯን አውልቃ «አስተካክዪው» አለችኝ።

አስተካከልኩት ጋሼ። ኢሉ አሁን ቱቦው ጋ ነው። ነጥቡን ከአደባባዩ አንሥቼ በመንገዱ ላይ ስጎትተው ወፍጮው ጋ ሲደርስ እጄ ቆመ። እርስዎን እዚያ እንደቆሙ ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ታች ወሰድኩት።

ከዚያ በኋላ «ጋርመንት አካባቢ» የተባሉትን ሁሉ እንደገና ከፈትኩ። ሀኒፋ ያስታወሰቻቸውን ጊዜያት ይዤ ከሌላ ማስረጃ ጋር ሳመሳክር፣ ከአደባባዩ ተነሥተው ወደ ቱቦው የወረዱ አሉ። ማረጋገጥ ያልቻልኳቸው ደግሞ ባሉበት ቀርተዋል። የነሱም አባት የሆነ ቦታ ቆሞ ይሆናል እያልኩ አስባለሁ፤ ግን ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

ቱቦው ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ከላይ ግን አይደለም፤ ከሱ የባሱ ቦታዎች አሉ። ዘንድሮ ይሠራል፣ ከርሞ ይሠራል ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም። መዝገቡን አቃናሁ እንጂ መንገዱን አላቃናሁም። ይህ አያስተኛኝም።

እትዬ ገዲሴ «ገና ነው» ካሉ፣ «አይሆንም» አላሉም ማለት ነው። ይሂዱባቸው። ደጋግመው ይሂዱባቸው።

ልጅዎ አያንቱ


ላፍቶ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአያንቱ፣

ሰላምሽ እንደ ውኃ ይፍሰስ፤ የደከምሽበትን ሁሉ ፍሬውን ያሳይሽ። ፋሲካን በደህና ዋልን። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሥራ ስልሽ የእውነት ሥራ ነው።

ከፋሲካ በኋላ የገሠሠ ሽማግሌዎች ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። በሩን ከፍቼ አስገባኋቸው። እንደ አባቶቻችን ወግ ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ታረቅን። ገዲሴ ለዚያ ቀን ከሰበታ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ ሲያልቅ ግን ተመልሳ ሄደች። አልያዝኳትም።

ከዚያ የመንገድ ሥራ ሰዎች መጥተው ቱቦውን ለክተው፣ ቀለም ቀብተው ሄዱ። መቼ ነው ብንላቸው «ይታያል» አሉ። ሀኒፋ «እስኪታይ ድረስ ስንት ሰው ይሙት?» አለች። ገሠሠ ይህን ሰማና በማግስቱ ከአሠሪው ጠይቆ የተሸራረፈ ብሎኬት በጋሪ አመጣ። እኔ አካፋ ይዤ ወጣሁ። የሰፈሩ ሰውም ሲያየን ዝም አላለም፤ አንዱ ሲሚንቶ አመጣ፣ አንዱ ከግንባታው የተረፈ ብረት ሰጠ፣ ያ የሳቀብኝ የታክሲ ረዳት ሳይቀር ተራ ሲጠብቅ ወርዶ ድንጋይ አቀበለን። የተቆለለውን አፈር ከመንገድ አነሣን። ውኃው ከሥር እንዲሄድ ትተን ቦዩን ከላይ ደፈንነው፤ የእግረኛው መንገድ ከዳር ዳር ተገናኘ። መኪናውን ማዘግየት የኛ አቅም አይደለም። ሰው ወደ መኪናው እንዳይወርድ ማድረግ ግን ቻልን።

ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ማንም እንዳይረግጠው እኔና ገሠሠ ተራ ገብተን ጠበቅነው። ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከፈትነው። ሰው ተሰብስቦ ቆሟል፤ ማን ይቅደም እየተባለ ይገፋፋል። ያን ጊዜ ገዲሴ ከሀና ማርያም በኩል ስትመጣ አየኋት። አልጠራኋትም፤ እንደምትመጣም አላውቅም ነበር። እጇ ላይ ፌስታል ይዛለች። ሰው ዳር ዳር አለላት። ንጣፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። እግሯን አንሥታ አስቀመጠች፤ ከዚያ ሌላውን። መሀሉ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ከጠርዙ ማዶ ያለውን አስፋልት ብዙ አየችው። ሀኒፋ አፏን በሻርፗ ያዘች። ገሠሠ ወደ መሬት አቀረቀረ።

ከዚያ ቀና ብላ ተሻገረች። ዞር ብላ አየችን፤ እኔን አየችኝ፤ እሱንም አየችው።

«ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?» አለች። «ፌስታሉን ያዝልኝ እንጂ፣ ከባድ ነው።»

ሮጬ ተቀበልኳት። ልብሶቿ ነበሩ።

አጎትሽ ዲንሳ